ቀበርቾ ቁንጭርን ገደለ ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀበርቾ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ጉንፋን ሲበዛ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም፣ ወይም «ምች ነው» ሲባል ሥሩ ተቆራርጦ ፍም ላይ ይደረጋል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ሽታው መጋረጃው ላይ ቀናት ይሰነብታል። ታዲያ ይኸው ሥር ላብራቶሪ ገብቶ ቁንጭር የሚያመጣውን ተህዋስ ገደለ ሲባል ደስ የማይለው ማን አለ? ወሬው ስልክ ለስልክ ሲዞር ደግሞ ቶሎ «መድኃኒቱ እኮ ቤታችን ነበር» ይሆናል።

ወሬው ውሸት አይደለም። ጥናቱ በእርግጥ ተሠርቷል። ችግሩ «ገደለ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የት ገደለ? በምን ያህል መጠን? ከተህዋሱ ጋር ሌላ ምን ገደለ? በረኪናም እኮ ይገድላል።

መጀመሪያ ነገር፣ ቁንጭር ምንድን ነው?

በሕክምና ስሙ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ይባላል። ትግራይ ውስጥ ጊዝዋ፣ ጋሞ ውስጥ በኦቾሎ አካባቢ ቦልቦ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ ነው፦ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጆሮ። በትንሽ እብጠት ይጀምርና ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ይቆስላል፣ ቅርፊት ያበጃል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለማያምም ሰው ችላ ይለዋል። ሲድን ግን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። የፊት ጠባሳ ለአንዲት ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አንዳንድ ሰው ላይ ወደ አፍንጫና አፍ ውስጠኛ ክፍል ይገባል። በጥቂቶች ላይ ደግሞ ሰውነታቸውን ሁሉ ያዳርሳል። ይህኛው መልኩ ከሥጋ ደዌ ጋር እስኪምታታ ድረስ ይመሳሰላል፤ በራሱም አይድንም።

የሚያመጣው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ሳይሆን ጥገኛ ተህዋስ ነው። ጥገኛ የተባለው ሌላ ፍጡር ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያው እየተመገበ ስለሚኖር ነው። ሰውነቱ አንዲት ሴል ብቻ ናት፤ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። እኛ አገር በዋናነት ያለው ዝርያ አገራችንን በስሙ ይዟል፤ ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ ይባላል። ስሙ የወጣለት በ1973 (እ.ኤ.አ.) ነው።

የምታመላልሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ዝንብ መባሏ ያሳስታል፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስትበር ድምፅ የላትም። ቀን ቀን ዋሻና የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። እዚያው ገደል ላይ የሚኖረው ሽኮኮ ተህዋሱን ተሸክሞ ይኖራል። ዝንቧ ሽኮኮውን ነክሳ ተህዋሱን ትወስዳለች፤ በሌላ ሌሊት ሰው ስትነክስ ታወርሰዋለች። ቁንጭር ገደላማ በሆነ ደጋና ወይና ደጋ የሚበዛው ለዚህ ነው። በመጨባበጥ ወይም ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው እንደሚያዝ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል የተራራቀው ብዙው ታማሚ ጤና ጣቢያ ስለማይደርስ፣ የሚቆጥረውም ስለሌለ ነው።

መድኃኒት የለውም እንዴ?

አለው። ግን መድኃኒቱ ራሱ ፈተና ነው። ለረጅም ዘመን ዋና ሆኖ የቆየው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል፣ አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የተሠራ መርፌ ነው። መላ ሰውነትን ለማከም ሲሰጥ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ለ28 ቀን ይወጋል። መርፌው ያማል። ልብን፣ ጉበትንና ጣፊያ አጠገብ ያለውን የቆሽት እጢ ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ትንሽ ቁስል ከሆነ እዚያው ቁስሉ ላይ ይወጋል፣ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። እስቲ ገደል ሥር የሚኖር ገበሬ 28 ቀን ከተማ ተቀምጦ መርፌ ሲወጋ አስቡት። ማን ያርስለታል?

የሚዋጥም አለ፤ ሚልቴፎሲን ይባላል። መጀመሪያ ለካንሰር ተብሎ የተሠራ ነው። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። አምፎቴሪሲን ቢ የሚባለውም አለ፤ እሱ የተገኘው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቬኔዝዌላ አፈር በተወሰደ ባክቴሪያ ነው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከተፈጥሮ መድኃኒት መፈለግ ኋላ ቀርነት አይደለም። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠውም የመጣው ከዚያው ነው።

ሥሩ እንዴት ወደ ጠብታ ይለወጣል?

ከሁሉም በፊት ዕፅዋቱን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። «እሬት» ስንል እኛ አንድ ነገር ነው የምናስበው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። አንዱ የሠራው ሌላው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ከቆረጠው ተክል አንድ ቅርንጫፍ አድርቆ አራት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ያስቀምጣል። ሄርባሪየም ማለት ለዕፅዋት የተሠራ መዝገብ ቤት ነው። ነገ ሌላ ሰው «የትኛውን ነበር የፈተንከው?» ቢል መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በነገራችን ላይ ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይበቅል ተክል ነው። የሳይንስ ስሙንም ያወጡለት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው መጭመቅ ነው። እናቶቻችን ጌሾን በውኃ፣ ሌላውን ቅጠል ደግሞ በአረቄ የሚዘፈዝፉት ያለ ነገር አይደለም። አልኮል የሚያወጣውን ውኃ አያወጣም። ላብራቶሪም እንደዚያው ነው። የደረቀው ተክል ይፈጫል፣ በውኃና በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ ፈሳሹ ቀስ ብሎ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው ሙጫ መሳይ ነገር ነው የሚፈተነው።

ቀበርቾ ግን የሚተን ዘይት አለው። ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታው እሱ ነው። እሱን ለማውጣት ሥሩ ከውኃ ጋር ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ገጠሩ ውስጥ ላብራቶሪ አይቷል ማለት ይቻላል።

አወጣጡ ውጤቱን ይወስናል። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የወባውን አርቴሚሲኒን ያገኘችው ቅጠሉን ማፍላት ትታ በዝቅተኛ ሙቀት ማውጣት ስትጀምር ነው። ሙቀቱ መድኃኒቱን እያበላሸው ነበር። በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት።

ተህዋሱንስ ከየት ያመጡታል?

ከታማሚ ቁስል ጥቂት ናሙና ተወስዶ፣ የጥጃ ደም ውኃ በተጨመረበት ምግብ ውስጥ ይረባል። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ይህ ተህዋስ ሁለት መልክ አለው። ዝንቧ ሆድ ውስጥ ሳለ ቀጭን ነው፣ ጭራ አለው፣ ይዋኛል። ሰው ውስጥ ሲገባ ጭራውን ሰብስቦ ድቡልቡል ይላል።

ድቡልቡሉ የት እንደሚቀመጥ ስታውቁ ትገረማላችሁ። ሰውነታችን ወራሪ ሲገባ ውጠው የሚያጠፉ ነጭ የደም ሴሎች አሉት። ዘበኞች ናቸው እንበል። ዘበኛው ይህን ሌባ ይውጠዋል። ሌባው ግን አይሞትም። ዘበኛው ሆድ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይዋለዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሌባውን ለማግኘት የዘበኛውን ሆድ ዘልቆ መግባት አለበት፤ ያውም ዘበኛውን ሳይገድል።

ለላብራቶሪ የሚቀለው ጭራ ያለው መልክ ነው። በ26 ዲግሪ ገደማ ይረባል፣ ቶሎ ይበዛል፣ ለመቁጠር ያመቻል። ብዙ ጥናት የሚጀምረው፣ አንዳንዱም የሚያበቃው በእሱ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ድቡልቡሉን ከሴል ውጪ፣ ሞቅና ኮምጠጥ ባለ ፈሳሽ አታሎ ማርባት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ዘበኛው ሆድ ውስጥ እንዳለ መፈተን ነው። ዜና ስታነቡ «ገደለ» የተባለው ከሦስቱ የትኛውን እንደሆነ ማየት ነው።

መሞቱ በምን ይታወቃል?

96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ሳህን አለ። በየጉድጓዱ እኩል ቁጥር ያለው ተህዋስ ይጨመራል። ከዚያ የዕፅዋቱ ጭማቂ በተለያየ መጠን ይገባል። መጠኑ የሚቀነሰው እንደ ቡናችን ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ወፍራም ነው፤ ቀጣዩ የእሱ ግማሽ፤ ሦስተኛው የግማሹ ግማሽ። ጥያቄው ስንተኛው ስኒ ድረስ ይገድላል የሚል ነው። በረካው እንኳ ከገደለ ጠንካራ ነገር ነው።

ለማነጻጸሪያ ሁለት ዓይነት ጉድጓድ የግድ ይኖራል። አንዱ ምንም መድኃኒት የሌለበት፣ ተህዋሱ እንደ ልቡ የሚኖርበት ነው። ሌላው አምፎቴሪሲን ቢ ወይም የታወቀ ሌላ መድኃኒት ያለበት ነው። እነዚህ ከሌሉ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ገደማ ከቆየ በኋላ ሬዛዙሪን የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ሕይወት ያለው ሴል ሰማያዊውን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል፤ የሞተ አይለውጠውም። ሮዝ ጉድጓድ ማለት ተህዋሱ አለ፤ ሰማያዊ ማለት የለም። ይኸው ቀለም ድሮ ወተት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለመመርመርም ያገለግል ነበር።

ዘዴው ግን ሊያታልል ይችላል። የቅጠል ጭማቂ ራሱ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ሕያው ሴል ሳይኖርበት ሰማያዊውን በራሱ ወደ ሮዝ ይለውጣል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ጭማቂውን ብቻ፣ ያለ ተህዋስ፣ በሌላ ጉድጓድ አስቀምጦ ያያል። በማይክሮስኮፕም ይቆጥራል።

ተህዋሱን ከገደለ አበቃ አይደል?

አላበቃም። እንዲያውም ዋናው ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። በረኪናው ትዝ ይላችኋል?

ተመራማሪዎች ሁለት ቁጥር ይፈልጋሉ። አንደኛው ተህዋሱን በግማሽ ለመቀነስ የሚበቃው መጠን ነው። ሁለተኛው የሰውን ሴል በግማሽ የሚገድለው መጠን ነው። ሁለተኛውን ለአንደኛው ያካፍሉታል። ለምሳሌ ተህዋሱን 5 ማይክሮግራም ከጎዳው፣ የሰውን ሴል ግን 50 ማይክሮግራም ካስፈለገው፣ ውጤቱ 10 ይሆናል። የመለየት ቁጥር ልንለው እንችላለን፤ መድኃኒቱ ጠላትን ከወዳጅ ምን ያህል እንደሚለይ ይናገራል። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተስፋ አለው ይባላል። 1 ከሆነ ሁለቱንም እኩል ይገድላል። ከ1 በታች ከሆነ ታማሚውን አስቀድሞ ይጎዳል።

አሁን ወደ ቀበርቾ እንመለስ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ። የሁለት ዕፅዋት ዘይት ነው የፈተኑት፦ ቀበርቾና አሪቲ። አዎ፣ ያው በበዓል ከአበባ ጋር የሚታሰረው አሪቲ። ተህዋሶቹም ሁለት ናቸው፤ የቁንጭሩ ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ እና ካላ አዛር የሚባለውን፣ ጉበትና ጣፊያን የሚያጠቃ በሽታ የሚያመጣው ዘመዱ።

ውጤቱ ያስደንቃል። ከዘይቶቹ ጠንካራው፣ መቶ ሺህ እጅ ፈሳሽ ውስጥ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ እንኳ ጭራ ያለውን ተህዋስ አስቁሟል። በረካ ብቻ አይደለም፣ የበረካ በረካ ነው። የቀበርቾ ዘይት ለማነጻጸሪያ ከቀረበው አምፎቴሪሲን ቢ እንኳ በልጧል። ስልክ ለስልክ የሚዞረው ወሬ እዚህ ላይ ያቆማል።

ጥናቱ ግን አላቆመም። ሁለቱን ዘይቶች በሰው ነጭ የደም ሴሎች ላይም ሞክረዋል። የመለየት ቁጥሩ ከ0.8 እስከ 19.2 ሆነ። አስተውሉ፦ ላይኛው ጫፍ ጥሩ ነው፣ ታችኛው ጫፍ ግን ከ1 በታች ነው። ዘይቶቹ በቀይ የደም ሴሎች ላይ ያደረሱት ጉዳት ቀላል ቢሆንም፣ የቀበርቾው ዘይት የሰውን ሴል አጥብቆ እንደሚጎዳ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ድቡልቡሉን የፈተኑትም ከሴል ውጪ ባለው ዘዴ ነው፤ ዘበኛው ሆድ ውስጥ አይደለም።

ይህ ማለት ጥናቱ ከሸፈ ማለት ነው? በፍጹም። የቀበርቾው ዘይት ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ከ40 በመቶ በላይ የሆነው ዲሃይድሮኮስተስ ላክቶን የሚባል አንድ ኬሚካል ነው። ቀጣዩ ሥራ ማበጠር ነው። የሚገድለው ይኸኛው ነው ወይስ ሌላው? ሴላችንን የሚጎዳውስ? ምናልባት ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ምናልባት አንድ ናቸው፤ ያኔ ኬሚስቶች ሞለኪዩሉን ትንሽ ቀይረው ይሞክራሉ። ለእኔ የጥናቱ ዋጋ ጎጂውን ውጤት አለመደበቁ ነው።

አያቴ ግን በቅጠል ድናለች፤ እሱስ?

እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቁንጭር አንድ ተንኮል አለው። አንድ ቦታ የተወሰነው ዓይነት ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ሰው ጸበል ይጠመቃል፣ ቅጠል ያስራል፣ መርፌ ይወጋል። ሲድን ምስጋናው የመጨረሻው ነገር ላይ ይወድቃል። ቅጠሉ ነው ያዳነው ወይስ ቀኑ ደርሶ ነው? ለመለየት ቅጠሉን ያሰሩና ያላሰሩ ብዙ ሰዎችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የአያትን ምስክርነት ማናናቅ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ጥያቄ መመለስ ስለማይችል ነው።

ከባህላዊው ውስጥ ፍንጭ ያለውም አለ። በአንዳንድ ቦታ ቁስሉን በጋለ ብረት ይተኩሱታል። የቆዳ ሌሽማኒያ ሙቀት አይወድም፤ በዓለም ላይ ቁስሉን በ50 ዲግሪ ገደማ ለግማሽ ደቂቃ የሚያሞቅ የሕክምና መሣሪያም አለ። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። የጋለ ብረት ልክ የለውም፤ ከቁንጭሩ የባሰ ጠባሳ ይተዋል።

ከሳህኑ እስከ ፋርማሲ ስንት መንገድ አለ?

ረጅም ነው። ከላብራቶሪ ቀጥሎ እንስሳ አለ፤ እዚህ ላይ የእኛው ተህዋስ ያስቸግራል። ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ በላብራቶሪ አይጥ ላይ እንደ ሰው ዓይነት ቁስል በቀላሉ አያወጣም። ያላቆሰለውን በምን ታያለህ? ከዚያ ቆዳ ዘልቆ መግባቱ፣ ሙቀት ላይ አለመበላሸቱ፣ በክረምት የተነቀለውና በበጋ የተነቀለው ሥር እኩል መሆኑ ይታያል። ከዚያም በሰው ላይ ደረጃ በደረጃ። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ትልልቅ መድኃኒት ፋብሪካዎችም ድሃ ገበሬ ላይ ለሚወጣ ቁስል ገንዘብ ለማፍሰስ አይቸኩሉም።

እንዶድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያዛምት ነው። ግኝቱ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። እንዲያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቋማት የጠየቁት የደህንነት ጥናት ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ያውም ሕዝቡ ለዘመናት ልብሱን ያጠበበት ሳሙና!

ለቀበርቾ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የምንፈልገው ሥሩን ነው። ሥሩ ሲቆፈር ተክሉ አለቀ ማለት ነው። አሁን ለጭስ ብቻ በሚነቀለው እንኳ እየተመናመነ ነው።

አሁን ቁስል ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

የቀበርቾ ዘይት አይቀባ። የመለየት ቁጥሩን አይታችኋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አቦሉን ከበረካው የሚለይ ሚዛን የለም። የሚያቃጥል ቅጠል ማሰርም ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ለሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ከወር በላይ የቆየ፣ የማያም፣ የማይድን ቁስል ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ እንዲሁም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ በማከም ይታወቃሉ። አፍንጫ ውስጥ የሚደማ ወይም የሚዘጋ ነገር ካለ ቀጠሮ አይጠብቅ።

ስትሄዱ ደግሞ እስካሁን የቀባችሁትን፣ ያሰራችሁትን፣ የጠጣችሁትን ሁሉ ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት። ናሙና ከመውሰዱ በፊት ቁስሉ ላይ የተለጠፈውን ማጽዳት አለበት፤ ቅላቱም ከተህዋሱ ይሁን ከቅጠሉ ማወቅ የሚችለው ከነገራችሁት ብቻ ነው።